የቆረጥኩት መስመር

የጋዜጣን የፊት ገጽ አምኖ የሚኖር ሰው ያሳዝነኛል። ካርቱም ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት በጋዜጣ እንጀራ በልቻለሁ፤ ፊተኛው ገጽ ላይ ሚኒስትሩ ሁልጊዜ እየመረቀ ነው፣ ስንዴ የጫነው መርከብ ሁልጊዜ ወደብ ሊደርስ ነው። ከተማው እንዴት እንዳደረ የሚናገረው የኋለኛው ገጽ ነው፤ የማስታወቂያው። ደቡብ ሱዳን በተገነጠለ ሰሞን ፊት ለፊት ሁሉ ሰላም ነበር፤ ከኋላ ግን አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ የልጅ ብስክሌቱ «ባለቤቱ ስለሚጓዝ በአስቸኳይ የሚሸጥ» እየተባለ ዓምዱን ለወራት ሞልቶት ነበር። ስንት ቤት እንደተበተነ ያየሁት እዚያ ነው። ማንም ግን ታሪክ ብሎ አልያዘውም፤ ማስታወቂያ ነዋ!

ሥራ ከተውኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰዎች «ጡረታ ወጣ» ይሉኛል። ለባዕድ ሰው ጡረታ የሚከፍል አገር የት እንዳለ አላውቅም፤ እኔም አልወጣሁም፤ እንዴት እንደወጣሁ ስደርስበት እናገራለሁ። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር የተወለደችው ልጄ ሣራ፣ ግድግዳ ሥር የተከመረውን ጋዜጣዬን እያየች «ባባ፣ ይሄ ሁሉ ወረቀት ኻላስ፣ እንጣለው። ሰው አሁን በተሌፎኑ ነው የሚያስታውቀው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሪክሻም፣ ያው የእኛ ባጃጅ፣ ሚስትም በስልክ ይፈለጋል። ወረቀቱን ግን አልጥልም አልኳት። ለምን ስትለኝ ተቆጣሁ፤ መቆጣቴ በእሷ እንዳልሆነ ታውቅ ዘንድ ይህን እጽፋለሁ።

በመተማ በኩል የገባሁት ጢም ሳላወጣ ነው። ገዳሪፍ ሰሊጥ አጨድኩ፤ ጓሮው ውስጥ ያሳደረኝ አንድ ነጋዴ ደብተሩን እንዳነብለት ብሎ የዐረብኛ ፊደል አስቆጠረኝ። ካርቱም ስመጣ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ከማመልከቻ ጸሐፊዎች መካከል ተቀመጥኩ። «ያ ሐበሺ፣ አንተ ደግሞ ዐረብኛ ልትጽፍልን?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ሳቁ ብዙ አልቆየም፤ የእኛ አገር ሴቶችና ኤርትራውያኑ ዛፉን ጠይቀው ወደ እኔ ይመጡ ጀመር። እዚያ ነው ኡስታዝ በድሪ ያገኘኝ።

ኡስታዝ በድሪ ትምህርት ቤት አስተምሮ በጡረታ የተገለለ፣ መሃል ገበያ አጠገብ ባለ አንድ የማስታወቂያ ቢሮ የሚሠራ ሰው ነበር። ቢሮው የሕዝቡን ማስታወቂያ ተቀብሎ፣ አስተካክሎ፣ ለጋዜጦች ያስተላልፋል። ሦስት ቀን ከዛፉ ባሻገር ሻይ እየጠጣ ሲያየኝ ከርሞ፣ በአራተኛው ቀን «አንተ ሰው የሚናገረውን አትጽፍም፤ የሚፈልገውን ትጽፋለህ። ተነሥ» አለኝ። ተነሣሁ። ደሞዙ ከዛፉ ሥር ገቢዬ እምብዛም አይበልጥም ነበር፤ ጥላው ግን የማይዞር ጥላ ነው።

የሰውየውን ጠባይ ልናገር፤ ከእሱ የተማርኩት ነው ኋላ የሚከሰኝ። ሁልጊዜ ነጭ ጀላቢያ፣ በደረት ኪሱ የጥርስ መፋቂያና ቀይ እርሳስ። ማስታወቂያ ጽፌ ስሰጠው አያነበውም፤ ዓይኑን ጨፍኖ «አንብብልኝ» ይላል። ሳነብለት ደግሞ ሆን ብሎ ሻይ ያማስላል፣ ወንበር ይጎትታል፣ ያስላል። «ማስታወቂያህን የሚሰማው ሰው ፉል ሊገዛ የተሰለፈ ነው፤ ግማሽ ጆሮ ነው የሚሰጥህ። በግማሽ ጆሮ ካልገባው አልጻፍክም» ይለኝ ነበር። የጠፋ ሰው የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ የማይሻር ሕግ ነበረው፤ ስም ከመጻፍህ በፊት ምልክት ጻፍ። «ስም ሰው ያወጣዋል፣ ሰው ይለውጠዋል። ጠባሳ ግን አብሮ ያድራል» ይላል። የሚፈልጉ ቤተሰቦችን ተቀምጦ ይመረምራል፦ «ሲሄድ የትኛውን እግር ይጎትታል? ምን ሲሰማ ይደነግጣል? አላፊ አግዳሚው ምኑን ያያል?» ቤተሰቡ ይሰለቻል፣ ይቆጣል፤ እሱ አይሰለችም።

አንድ ጊዜ ከኦምዱርማን ሦስት ወንድማማቾች መጡ፤ አእምሮው የዛለ አባት ጠፍቶባቸዋል። ስሙን፣ የአባቱን፣ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም፣ ጎሣውን፣ የነበረበትን ሹመት ሁሉ አስጻፉኝ። ኡስታዝ በድሪ ሰማና በቀይ እርሳሱ ደመሰሰው። አንድ ሰዓት ያህል ጠይቋቸው የወጣው ማስታወቂያ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ያገኘውን ሰው ሁሉ ወደ አትባራ የሚሄደው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚነሣ የሚጠይቅ ሽማግሌ ያያችሁ፣ ልጆቹ ይፈልጉታል።» ወንድማማቾቹ አባታችንን አዋረድከው ብለው ሊደበድቡት ምንም አልቀራቸው። በሁለተኛው ቀን ሽማግሌው ተገኘ፤ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ጥያቄው ትዝ ብሎት ነው። ልጆቹ አንድ ጆንያ ቴምር ይዘው መጡ፤ ኡስታዝ በድሪ ለመንገድ ጠራጊዎቹ አከፋፈለው።

ሌላም ልማድ ነበረው። ሰው በእጁ ጽፎ ያመጣውን ወረቀት ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ አይጥለውም፤ የሳምንቱን በሲባጎ አሥሮ ዓመት ያቆየዋል። ጋዜጣው ሲሳሳት ወረቀቱ ይመሰክራል ባይ ነው። እኔም ይህን እስከ መጨረሻው ሳልተው ይዤለት ቆየሁ። መያዝ የነበረብኝ ሌላኛውን፣ የምልክቱን ሕግ ነበር።

ስለዚያ ገጽ መልካም መልካሙን ብቻ ባወራ ራሴን እዋሻለሁ። የጠፋችው ፍየል ጆሮዋ የተሰነጠቀ መሆኑ፣ ለእናታቸው ለቅሶ የደረሰውን ሁሉ የሚያመሰግኑት ልጆች፣ ውሃ እንደሚቋረጥ የሚያሳውቀው ውሃው በተቋረጠ በሦስተኛው ቀን የሚወጣው ማሳሰቢያ፤ ይህ ሁሉ ያስቃል፣ ያስለቅሳል፣ ያልፋል። የማያልፈው የእኛ ሴቶች ማስታወቂያ ነው። «በአል-ጣኢፍ ሰፈር ቪላ ይከራያል፤ ለባዕድ አይሆንም» የሚል መስመር ካለበት ሥር፣ ከማቀዝቀዣ ማስታወቂያ ቀጥሎ፣ እንዲህ ይላል፦ «ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች አሉን፤ ሙስሊም፣ ጨዋ፣ ንጹሕ፤ የሦስት ወር ዋስትና፤ ካልተስማማች ትለወጣለች።» ማቀዝቀዣው እንኳ ዋስትናው ዓመት ነበር! ይህን በእጄ አስተካክዬ ለኅትመት ልኬያለሁ። አንዴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ።

ደግሞ ሪያድ ከሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ ከመኪናዋ ሳትወርድ ሾፌሯን የምትልክ እመቤት አለች። ፎቶግራፍና አንድ ቁራጭ ወረቀት፦ «ሥዕሏ ከላይ የሚታየው ኢትዮጵያዊት ከቤታችን አምልጣለች፤ የሚያስጠጋት ሁሉ ኃላፊነቱን ይወስዳል።» አምልጣለች! ሠራተኛ ሥራ ትለቃለች፤ የሚያመልጠው እስረኛ ነው። ኡስታዝ በድሪ በነበረበት ዘመን ምንም ሳይናገር «ሥራዋን ትታለች» እያለ ይለውጠው፣ ሁለተኛውንም መስመር «ቦታ ጠቦ» እያለ ያወጣው ነበር። እሱ ዓይኑ ደክሞ ቤት ሲቀመጥ ይህም ቀረ።

አዲስ ሙዲር፣ የቢሮ አለቃ፣ መጣ። ሙዓዝ ይባላል፤ ወጣት፣ የተማረ፣ ችኩል። ክፉ ሰው ነው አልልም፤ እንዲያውም ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ እጠነቀቀው ነበራ። ሰው ወደ ስልክ እየሸሸ ሥራው ሲቀዘቅዝ ቅጽ አወጣ። ሰው ለሚፈለግበት ማስታወቂያ አራት መስመር፦ ስም፣ ዜግነት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ስልክ። ሲፈለግ ፎቶግራፍ። «ዓም አያሌው፣ አንተ ሰው ሁሉ ታሪኩን እንዲያወራ ታስቀምጣለህ። ተው፣ ሰልፉን እያው። ያላ፣ ቀጣይ!» ይለኛል፤ ዓም ማለት አጎቴ ነው። መጀመሪያ ተከራከርኩ። ኋላ ደከመኝ። ከዚያ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ተመቸኝ፤ ያለቀሰ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ «ስትሄድ የትኛውን እግሯን?» እያሉ ከመጠየቅ አራት መስመር መሙላት ይቀላል።

ካርቱም ለዳቦ መሰለፍ ከመጀመሯ በፊት በነበረው ዓመት ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ከአንድ ሆስፒታል ጸሐፊ በእጅ የተጻፈ ወረቀት መጣ፤ እንዲህ ያለውን ያለ ክፍያ እንቀበላለን። ሪክሻ ተገልብጦባት ራሷን ስታ የገባች ሴት አለች። ቦርሳዋ ውስጥ የተገኘው የጀዋዝ፣ የፓስፖርት፣ ቅጂ ዘይነብ ይላታል፤ ኢትዮጵያዊት፣ ዕድሜዋ ሃያ አምስት የሚገመት፤ ፀጉሯ ሹሩባ፤ በቀኝ እጇ አንጓ ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ፤ ዘመድ ያላት ይቅረብ።

አንብቤ እንደጨረስኩ ገባኝ። ሱዳናዊ ቢሆን ላይገባው ይችላል፤ እኔ ግን ጋይንት ያደግሁ ሰው ነኝ። እጇ ላይ መስቀል የተነቀሰች ዘይነብ የለችም። ደላላ ስሟን ለውጦታል፤ ቤቶቹ ሙስሊም ስለሚሹ «በዚህ ስም ካልሆነ ሥራ የለም» ብሎ ወረቀት አውጥቶላታል። ደላላ ስንቱን ስም እንዳስጣለ እግዚአብሔር ይቁጠረው። ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? አዘንኩላት። ይህ እንደወጣ አንድ ፖሊስ ቢያነበው፣ ስሟና እጇ አለመስማማቱን ቢያይ፣ ስትነቃ «ወረቀትሽ ሐሰተኛ ነው» ብለው ከአልጋዋ ወደ እስር ይወስዷታል አልኩ። በዚያ ሰሞን ከሻው በርትቶ ነበር፤ ፖሊስ የእኛን ሴቶች ከየመንገዱ እያፈሰ ይጭን ነበር። ብዕሬን አንሥቼ የንቅሳቱን መስመር ሰረዝኩት።

መስመር ጠቦኝ ነው ብል ደስ ባለኝ። ውሸት ነው። መስመር ቢጠበኝ ሹሩባውን እቆርጥ ነበር። የሰረዝኩት አስቤበት ነው፤ ጠበቅኋት ብዬ ደግሞ ኮርቻለሁ። የእኛ ሰው ይህ በሽታ አለበት፤ ከመንግሥት ለመደበቅ ስንል እርስ በርሳችን የምንተዋወቅበትን እናጠፋዋለን።

ማስታወቂያው ማክሰኞ ወጣ። ማንም አልመጣም። ያሠሯት ቤት ሰዎች ጋዜጣ አያነቡም? ሲያነቡ ነው የሚውሉት! ሠራተኛ አመለጠችብኝ ለማለት ሲሆን ሾፌሩን በጠዋት ይልካሉ፤ ሠራተኛቸው ሆስፒታል ወድቃ «ዘመድ ያላት» ሲባል ግን ቤቱ ሁሉ መሃይም ይሆናል።

በቀጣዩ ሳምንት ሰኞ ጠዋት አንዲት ሴት ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ፋንታዬ ትባላለች፤ እንደ እኔ የጋይንት ልጅ ናት፤ አል-ጣኢፍ ሰው ቤት ታበስላለች። ነጠላዋን ከሱዳን ጨርቅ ሥር ደርባ ለብሳለች።

«ጋሼ፣ እህቴ ጠፍታብኛለች። ጥሩወርቅ ትባላለች። ዐርብ ዐርብ ቡሪ ነበር የምንገናኘው፤ ሁለት ዐርብ ቀረች። ተሌፎኗም ዝግ ነው።»

«የት ነው የምትሠራው?»

«ሪያድ ነው ትለኛለች እንጂ ቤቱን አላሳየችኝም። እመቤቲቱ እንግዳ አትወድም ብላ።»

ከኋላዋ ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፏል። ሙዓዝ ከመስታወቱ ጀርባ ሰዓቱን ያሳየኛል። ቅጹን ሳብኩ። ስም፦ ጥሩወርቅ። ዜግነት። ከመቼ ጀምሮ። ስልክ። ፎቶግራፍ ሰጠችኝ፤ አገር ቤት የተነሣችው፣ እስከ ትከሻዋ ብቻ የሚያሳይ።

«ጋሼ፣ ይኼንንም ይጻፉልኝ፤ እጇ ላይ...»

«በቂ ነው እህቴ። ፎቶው ይበቃል፤ መስመሩ ሞልቷል።»

«እሺ» አለች። አመስግናኝ ሄደች። «ያላ፣ ቀጣይ» አልኩ፤ ሙዓዝ ሳይሆን እኔ ነኝ ያልኩት።

የእሷ ማስታወቂያ ረቡዕ ወጣ። ቅዳሜ ተመልሳ መጣች፤ ከሌላ ሴት ጋር ነው። ሁለተኛዋ ሆስፒታሉ ውስጥ የምታጸዳ ናት፤ ወሎዬ ናት፣ ሰይዳ ትባላለች። ጋዜጣውን መስታወት ልትወለውልበት ስታጥፈው ፎቶውን አይታ፣ «ይቺ እኮ የአልጋችን ልጅ ናት» ብላ በስልኩ የደወለችው እሷ ናት።

«ወላሂ ዓም» አለችኝ ሰይዳ፣ «ሁሌ ጠዋት ፊቷን የማብሳት እኔ ነበርሁ። ዘይነብ ዘይነብ ስላት ዓይኗን አትገልጥም። በስሟ አልጠራኋት ለካ!»

ጥሩወርቅ ሰኞ አመሻሽ ላይ ሞታለች። ረቡዕ ጠዋት ዘመድ የለሽ ተብላ ተቀብራለች። ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩት፤ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። ሰኞ ጠዋት ፋንታዬ እኔ ፊት ስትቆም እህቷ በሕይወት ነበረች። ሆስፒታሉ ከቢሯችን በሪክሻ ሩብ ሰዓት አይሆንም።

ፋንታዬ አላለቀሰችም። «የሆስፒታሉን ኢዕላን፣ ማስታወቂያውን፣ ሲነበብ ሰምቸዋለሁ» አለች። «ዐርብ ቡሪ ስንሰበሰብ ማንበብ የምትችል ልጅ አለች፣ የኛን ሰው ስም እየለቀመች ታነብልናለች። ዘይነብ የምትባል ታማ ሆስፒታል ናት አለች። እኔ ‹እግዜር ይማርሽ እህቴ፣ የሙስሊም ልጅ ናት› ብዬ አለፍኩት። ስሟን መለወጧን ደብቃኛለች። ብትነግረኝ እንደምቆጣት ታውቃለቻ! ጾም አፍርሰሽ፣ ስም ለውጠሽ ብዬ እንደምቆጣት ታውቃለች።» ከዚያ ጠየቀችኝ፤ «ጋሼ፣ እዚያ ኢዕላን ላይ ሌላ ምልክት አልነበረም? ሆስፒታሉ እጇን አላየም?»

አልነበረም ማለት እችል ነበር። ጋዜጣው ይመሰክርልኛል፤ አራት መስመር ነው፣ ምንም የለበትም። ጥፋቱ በሆስፒታሉ ጸሐፊ ይላከካል፤ ማንም አያውቅም። እንዲያ ልል አፌን ከፍቼ እንደነበር አልሸሽግም። ግን ሰይዳ አልጋዋ ዘንድ ነበረች፤ ጸሐፊው ሲጽፍ አይታ ይሆናል የሚል ፍርሃት መጣብኝ። እንግዲህ እውነቱን ያናገረኝ ጽድቅ ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትም አለበት። ወደ ጓዳ ገብቼ በሲባጎ የታሠረውን የዚያን ሳምንት ወረቀት ፈትቼ አመጣሁ። የተሰረዘውን መስመር በጣቴ እያሳየሁ በአማርኛ አነበብኩላት፦ «በቀኝ እጇ አንጓ ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ።»

«ማነው የሰረዘው?»

«እኔ ነኝ።»

ለምን እንደሰረዝኩት ነገርኳት፤ ስለ ፖሊሱ፣ ስለ ከሻው፣ ስለ ወረቀቷ። እየነገርኳት ሳለሁ ቃሉ ሁሉ አፌ ውስጥ ሲረክስ ይሰማኝ ነበር። የራሷን ቀኝ እጅጌ ሰበሰበችና እጇን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ያው መስቀል፣ ያው ቦታ። «በአንድ ቀን ነው የነቀሱን። እሷ ስታለቅስ እኔ ይዣት» አለች። ከዚያ አንቱታው ቀረ። «ሰኞ ዕለት ይኼን ልነግርህ ነበር። ዝም አሰኘኸኝ።»

ሰይዳ ክንዷን ይዛ ወደ ውጭ ወሰደቻት።

እሑድ ፋንታዬ ተመልሳ መጣች፤ ለእኔ ሳይሆን ለጉዳዩ። መቃብሯን ማየት ትፈልጋለች፤ ፍትሐት ታስደርጋለች። ቀባሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ «የተቀበረችው ዘይነብ ናት፤ ያንቺ እህት ጥሩወርቅ ናት፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የሚገልጽ የታተመ ወረቀት አምጪ» ብሏታል። ጋዜጣ ላይ የወጣ ማስታወቂያ ካርቱም ውስጥ እንደ ሰነድ ይቆጠራል፤ የጠፋ ጀዋዝ እንኳ በእሱ ነው የሚተካው። እኛ ዘንድ ደግሞ የቆየ ደንብ አለ፤ ማስታወቂያ ከተበላሸ በማግስቱ ማረሚያ ይወጣል። ማረሚያውን ጽፌ ወደ ሙዓዝ ገባሁ።

አንብቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ዓም አያሌው፣ አላህ ይማራት። ግን ይህ አይወጣም።»

«ለምን?»

«‹በቢሯችን ሠራተኛ ጥፋት› ትላለህ። ቤተሰቡ ቢከሰንስ? የወረቀቷ ነገርስ? የጸጥታ ክፍሉ ነገ ጠርቶ ይጠይቀኛል። መዓሌሽ፣ የሆነው ሆኗል።»

«ለፍየል ማረሚያ አውጥተናል!» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ጆሮዋ ቀኝ ነው ግራ ተብሎ ተሳስተን አርመናል። «ለማቀዝቀዣ ዋጋ አርመናል። ለሰው ሲሆን ነው ጸጥታ የሚጠራህ?»

«ድምፅህን ዝቅ አድርግ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ዝቅ አድርጌዋለሁ!»

ተሰልፎ የነበረው ሁሉ ይሰማል። ሙዓዝ ፊቱ ቀላ። ወይ ወረቀቱን እንድቀድደው ወይ ነገ እንዳልመጣ ነገረኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ፤ የሲባጎውን እሥርም በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ጡረታ ወጣ የሚሉኝ እንግዲህ ይኼው ነው።

ሌላ ጋዜጣ መስኮት ላይ እንደ ማንኛውም ሰው ተሰልፌ ማረሚያውን አስገባሁ። የተቀበለችኝ ልጅ ሰውን ቀና ብላ አታይም። «ይኼ ረዥም ነው፤ ይቆረጥ?» አለችኝ። አንድ ፊደል እንዳትነኪ አልኳት፤ ሳልፈልግ ጮህኩባት፤ ምን አጠፋች? እንዲህ ብሎ ወጣ፦ «ሪክሻ ተገልብጦባት የሞተችውና ዘይነብ በሚል ስም የተቀበረችው ሴት የጋይንቷ ጥሩወርቅ ናት። በቀኝ እጇ አንጓ ላይ የመስቀል ንቅሳት እንዳለ ሆስፒታሉ አስታውቆ ሳለ፣ ከዚህ በታች ስሙ የተጻፈው የማስታወቂያ ጸሐፊ ቆርጦ ስላስቀረው ዘመዶቿ በጊዜ አልደረሱላትም።»

ቀባሪው መሥሪያ ቤት አንብቦ ከመዝገቡ ጋር በስፒል አያያዘው። ቦታውን የሚያሳይ ዘበኛ ሰጡን። ፋንታዬ፣ ሰይዳና እኔ ሄድን። የአፈር ክምር፣ ራስጌው ላይ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ቆርቆሮው ላይ የሌላ ሰው ስም። ፋንታዬ ቆርቆሮውን ነቀለችው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ሰይዳ ትንሽ ራቅ ብላ በራሷ ሃይማኖት እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገችላት። እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ ቆሜ ነበር።

ስንመለስ ፋንታዬ ከመቃብሩ በር ጥላ ሥር ተቀመጠችና «ወረቀት አለህ?» አለችኝ። ነበረኝ። «ለእናቴ ደብዳቤ ጻፍልኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። እዚያ የኔታ ያነቡላታል።»

ዕድሜዬን በዐረብኛ ስጽፍ ኖሬ አማርኛው እጄ ላይ ከብዶ ነበር። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሪክሻው እንደ ተገለበጠ፤ ሆስፒታል እንደ ተኛች፤ ሰይዳ የምትባል የወሎ ልጅ ጠዋት ጠዋት ፊቷን እንዳበሰቻት፤ መቃብሯ እንደ ተገኘ፤ ቄስ እንደሚፈታት። ስም መለወጧን እንዳልጽፍ ነገረችኝ፤ «እሱን እኔ ስሄድ በአፌ እነግራታለሁ» አለች። አሁንም ሌላ መስመር አስቀረን ብዬ አሰብኩ፤ ግን ያ የእሷ እንጂ የእኔ መቁረጥ አልነበረም።

«ጨረስን?» አልኳት።

«አልጨረስንም። ምልክቷን የቆረጠው ሰው እንዳለ ጻፍ። ሰኞ ዕለት እኔ ልናገር ስል ዝም እንዳሰኘኝም ጻፍ።»

ጻፍኩ።

«አሁን ስምህን ከሥሩ አድርግ። ሙሉውን። የአባትህንም።»

ቀና ብዬ አየኋት። ቁጣ የለባትም፤ ደክሟታል።

«እናቴ ስትረግም» አለች፣ «ሰው እንዳትሳሳት።»

የራሴን፣ የአባቴንና የአያቴን ስም ጻፍኩላት።